ከጋንቪዬ እስከ ዊዳ፤ የስድስት ቀን ማስታወሻ

ታኅሣሥ 25፤ ከሎሜ ወደ ኮቶኑ

ሎሜ የመጣሁት ለሥራ ነበር። ስብሰባው ትናንት አለቀ። ባልደረቦቼ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ እኔ ትኬቴን በሳምንት ገፋሁት። ምክንያቴ አንድ አሮጌ ካርታ ነው። የድሮ አውሮፓውያን መርከበኞች የምዕራብ አፍሪካን ጠረፍ የሚጠሩት በሚገዙበት ዕቃ ነበር። የዝሆን ጥርስ ዳርቻ አለ፣ የወርቅ ዳርቻ አለ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ከቶጎ እስከ ናይጄሪያ ጫፍ ያለው "የባሪያ ዳርቻ" ይባላል። ዛሬ በጋራ ታክሲ ያለፍኩት እሱን ነው።

ታክሲው ከኋላ አራት፣ ከፊት ሾፌሩን ሳይጨምር ሁለት ሰው ጭኗል። እኔ ከኋላ መሐል ላይ ነኝ፣ የሰው ዶሮ ታቅፌ። ሂላኮንጂ ድንበር ላይ ፓስፖርቴ ተመታ። አፍሪካዊ ቤኒን ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም፤ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። መንገዱ ዳር በጠርሙስ የተሞላ ቤንዚን ተደርድሯል፣ ከሩቅ ሲታይ ጠጅ ይመስላል። ኮቶኑ ስንደርስ ኤቲኤም ካርዴን እምቢ አለኝ። ሦስት ቦታ ሞከርኩ። በመጨረሻ በኪሴ የነበረችውን ዶላር መንዝሬ ዘሚጃን ያዝኩ። ዘሚጃን የሞተር ብስክሌት ታክሲ ነው። ትርጉሙ "ቶሎ ውሰደኝ" ነው አሉኝ። ስሙን አላሰደበም።

ማታ እማዬ ደወለች። ያክስቴ ልጅ ሊያገባ ነው፣ ሽማግሌ ተልኳል። እኔ የት እንዳለሁ ስነግራት "እዚያ ደግሞ ምን ልትሠራ?" አለች። ላስረዳት ሞከርኩ። የታሪክ ባለሙያዎች ከመርከብ መዝገቦች ተነሥተው የደረሱበት ቁጥር 12.5 ሚሊዮን ነው። ያን ያህል ሰው በአትላንቲክ ተጭኗል። በሕይወት አሜሪካ ምድር የረገጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከተጫነው ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋው ከዚህ ባሕረ ሰላጤ የወጣ ነው። እማዬ "እግዚኦ" አለች። ከዚያ ስለ ሽማግሌዎቹ ቀጠለች።

ታኅሣሥ 26፤ ጋንቪዬ

ዕቅዴ ከአገሩ ውስጥ ተነሥቼ ወደ ባሕሩ መውረድ ነው፣ ምርኮኞቹ በሄዱበት አቅጣጫ። መጀመሪያ ግን ያመለጡትን ልይ ብዬ ወደ ኖኩዌ ሐይቅ ሄድኩ።

ከአቦሜ ካላቪ በጀልባ ይሄዳል። ጋንቪዬ ውኃ ላይ የቆመ ከተማ ነው። ቤቱ ሁሉ በእንጨት ምሰሶ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱም፣ መስጊዱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም እንዲሁ። ገበያው ጀልባ ላይ ነው። ሴቶቹ ቲማቲምና በርበሬ ጭነው እየቀዘፉ ይገበያያሉ። ካሜራ ካወጣህ ፊታቸውን በባርኔጣ ይሸፍናሉ። እኔም ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

የሚኖሩት ቶፊኑ የሚባሉ ሰዎች ናቸው። አያቶቻቸው ከየብሱ ሸሽተው ሐይቁ ላይ የሰፈሩት የፎን ጦር፣ ማለትም የዳሆሜ መንግሥት ጦር፣ ሰው እየያዘ በሚሸጥበት ዘመን ነው። ጦረኞቹን ውኃ ላይ እንዳይዋጉ ሃይማኖታቸው ይከለክላቸው ነበር ይባላል። የከተማው ስም "ተረፍን" እንደማለት ነው። የጎብኚ መጻሕፍት ግን "የአፍሪካ ቬኒስ" ይሉታል። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። በኋላ ሳስበው ቬኒስም ከወራሪ የሸሹ ሰዎች ረግረግ ላይ የቆረቆሯት ናት ይባላል። ሳያውቁት ልክ ተናገሩ።

ገበሬ የነበረ ሰው ውኃ ላይ ሲሰፍር ምን ይበላል? ቅርንጫፍ ቆርጠው ሐይቁ ወለል ላይ ይተክላሉ። ዓሣው ለመጠለልና ለመራባት ይገባበታል። ከወራት በኋላ ዙሪያውን በመረብ ከበው ያጠምዱታል። አካጃ ይሉታል። ውኃውን እንደ እርሻ አጥረውታል ማለት ነው። እኔ ጿሚው ደግሞ ዓሣ በሚጠበስበት ከተማ መሐል ሩዝና ባቄላ ስፈልግ ዋልኩ። ዋቼ የሚባል አለ፣ ሁለቱ አብረው የሚቀቀሉበት። ተገኘ። ምስጋና ለጀልባው ቀዛፊ እህት።

ስመለስ አቦሜ ካላቪ ላይ ስለ አንድ የአገሩ ልጅ ሳስብ ነበር። ሌናርድ ዋንቼኮን ይባላል፣ ቤኒን ተወልዶ አሜሪካ የሚያስተምር የኢኮኖሚክስ ባለሙያ ነው። እዚህ አቦሜ ካላቪም ትምህርት ቤት መሥርቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 (ከዚህ በኋላ ያለው የዘመን ቁጥር ሁሉ በነሱ ነው) ከናታን ነን ጋር ያወጣው ጥናት ከ17 የአፍሪካ አገሮች የተሰበሰበ መጠይቅ ይዞ ተነሣ። ጎረቤትህን ታምናለህ? ዘመድህንስ? የአካባቢህን ሹም? ከዚያ መልሱን የመላሹ ብሔረሰብ ድሮ ምን ያህል ሰው ተሽጦበት ነበር ከሚለው ጋር አስተያየው። ብዙ ሰው የተሸጠበት ሕዝብ ልጆች ዛሬም ያነሰ ያምናሉ። የሚገርመው ባዳውን ብቻ አይደለም። ዘመድንም ነው።

ለምን ዘመድ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አንድ ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ፍሪታውን ውስጥ ነፃ የወጡ ሰዎችን እንዴት እንደተያዙ ጠይቆ መዝግቧል። ብዙዎቹ በጦርነት ተማረኩ። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ተጠለፉ። በዕዳ የተያዘ አለ፣ በፍርድ የተሸጠ አለ። ከነሱ መሐል ግን በገዛ ዘመድና ወዳጅ የተሸጡም ነበሩ። አጎት "ና ገበያ እንሂድ" ብሎ የሚወስድበት አገር አስቡት።

ታኅሣሥ 27፤ አቦሜ

ከኮቶኑ ወደ ሰሜን ሦስት ሰዓት ያህል። አፈሩ እየቀላ ይሄዳል። አቦሜ የዳሆሜ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። ስሟ "በቦዩ ውስጥ" ማለት ነው፣ ከተማዋን በከበባት ጥልቅ የመከላከያ ቦይ የተነሣ። ትናንት የሸሹት ውኃ ላይ ወጡ። ዛሬ ደግሞ አሳዳጁም ቦይ ቆፍሮ ነው የተኛው።

ቤተ መንግሥቱ 47 ሄክታር ነው። ዐሥራ ሁለት ነገሥታት ተራ በተራ ግቢ ጨምረውበታል። ግድግዳው ላይ በጭቃ የተቀረጹ ባለቀለም ምስሎች አሉ፣ አንበሳ፣ ጎሽ፣ መርከብ፣ የተቆረጠ ራስ። አስጎብኚዬ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ፈረንሳይኛዬ ተሰባብሮ እያዩ ቀስ ብለው ይነግሩኛል። ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙ መጀመሪያ ያሉት "ምኒልክ!" ነው። የመጨረሻው ተዋጊ ንጉሣቸው ቤሃንዚን ለፈረንሳዮች እጁን የሰጠው በ1894 ነው፣ ከዓድዋ ሁለት ዓመት ቀድሞ። ማርቲኒክ ወሰዱት፣ በ1906 አልጄሪያ ውስጥ ሞተ። ከዚህ የተዘረፉ 26 ቅርሶችን ፈረንሳይ የመለሰችው በ2021 ነው። ሰውየው ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ከፍ አለ።

ስለ ሽያጩ ስጠይቃቸው ዝቅ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳሆሜ የውስጥ አገር መንግሥት ነበረች፣ ባሕር አልነበራትም። ንጉሥ አጋጃ በ1724 አላዳን፣ በ1727 ዊዳን ያዘና ወደ ባሕሩ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ንግዱ በቤተ መንግሥቱ እጅ ገባ። በየዓመቱ ጦር ይወጣል፣ ምርኮኛ ይመጣል፣ ምርኮኛው ይሸጣል፣ በዋጋው ጠመንጃና ባሩድ ይገዛል፣ በጠመንጃው እንደገና ጦር ይወጣል። ጎረቤቱ ደግሞ ጠመንጃ ከሌለው ይማረካል። ጠመንጃ ለመግዛት ሰው ያስፈልገዋል። አስጎብኚዬ ያሉኝን ወደኛ ቋንቋ ስመልሰው አንድ ዐረፍተ ነገር ሆነልኝ፤ ካልሸጥክ ትሸጣለህ። "ሸ"ዋን አጥብቃችሁ አንብቡልኝ። አላልታችሁ ብታነቡትም አልተሳሳታችሁም።

ለዚህ ከነገሥታቱ ቤት የተሻለ ምስክር የለም። አዳንዶዛን የሚባል ንጉሥ የእንጀራ እናቱን አጎንቲሜን ለባሪያ ነጋዴ ሸጣት ይባላል። ብራዚል እንደወሰዷት ይተረካል። ልጇ ጌዞ በ1818 አዳንዶዛንን ገልብጦ ነገሠ። እናቱን ፍለጋ መልእክተኞች ላከ ይላሉ። እናቱ የተሸጠችበት ሰው ንግዱን ያቆመ ይመስላችኋል? ጌዞ አርባ ዓመት ነገሠ፤ ከኃያላኑ የባሪያ ሻጮች አንዱ ሆነ። እንግሊዞች ንግዱን እንዲተው ደጋግመው ሲለምኑት ኖረዋል። እንግሊዞቹም ቢሆኑ ሕጉን ያወጡት በ1807 ነው፤ ከዚያ በፊት ዋነኛ ገዢዎች ነበሩ።

አዳንዶዛንን ግን ከነገሥታቱ ዝርዝር ሰረዙት። ግድግዳው ላይ ምስል የለውም። ለፖርቱጋሉ ልዑል ስጦታ የላከው ዙፋን ሪዮ ዴ ጄኔሮ ሙዚየም ውስጥ ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ በ2018 ቃጠሎ ከሙዚየሙ ጋር ወደመ። ሲረሱ እንዲህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ዛጎል። እናቶቻችን በጌጥ የሚያውቁት ያ ትንሽ ነጭ ዛጎል እዚህ ገንዘብ ነበር። የሚመጣው ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከማልዲቭስ ደሴቶች ነው። መርከቦች ወደ አውሮፓ ያጓጉዙታል፣ ከዚያ እዚህ አምጥተው ሰው ይገዙበታል። አይበላ፣ አይዘራ። ሰው እየወጣ ዛጎል ገባ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ ዋጋው ወደቀና ዛጎሉም ገንዘብ መሆኑ ቀረ። በዚህ ዳርቻ የሚተረት ተረት አለ። ዛጎል የሚጠመደው ባሕር ውስጥ በተጣለ ሰው ሬሳ ነው፤ ዛጎሉ ሬሳው ላይ ሲጣበቅ ጎትተው ያወጡታል። ኢኮኖሚስት ከዚህ በተሻለ አያስረዳም።

ታኅሣሥ 28፤ አቦሜ፣ ገሃድ

ዛሬ ብዙ አልዞርኩም። ጠዋት ቦሂኮን አጠገብ ያሉትን ከመሬት በታች የተቆፈሩ መጠለያዎች አየሁ። በ1998 መንገድ ሲሠራ የተገኙ ናቸው። የጦረኞች መደበቂያ ነበሩ ይላሉ። ውኃ ላይ፣ ቦይ ውስጥ፣ አሁን ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ።

ከሰዓት አስጎብኚዬ ዘይት የሚጨመቅበት ቦታ ወሰዱኝ፣ የዘንባባ ፍሬ ቀይ ዘይት። ጉዳዩን አልጨረስክም አሉኝ። ልክ ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመርከቡ ንግድ እየቀነሰ ሲሄድ አውሮፓ ለሳሙናና ለማሽን ቅባት የዘንባባ ዘይት ፈለገች። ዘይቱን ማን ያምርተው? ድሮ ወደ ባሕር የሚወርደው ምርኮኛ አሁን እዚሁ ቀርቶ ለንጉሡና ለሹማምንቱ ዘንባባ ይለቅም ጀመር። ገዢው "ሰው አልገዛም፣ ዘይት ስጠኝ" ሲል ባርነቱ አልጠፋም። ወደ ቤት ገባ።

የእነዚያ ሰዎች ልጆች የት አሉ? ብዬ ጠየቅኳቸው።

ሳቁ። "እዚሁ" አሉ። ከዚያ አንድ የድሮ ሕግ ነገሩኝ። በዳሆሜ የሰውን ምንጭ፣ ከየት እንደተማረከ መናገር ክልክል ነበር። መንግሥቱ ከየቦታው በተሰበሰበ ሰው የቆመ ስለሆነ ሥር ከተማዘዘ ይፈርሳል። "ዛሬም አይወራም" አሉ። "ሁሉም ግን ያውቃል። በሠርግ ጊዜ በተለይ።"

በሠርግ ጊዜ በተለይ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ልበል።

ታኅሣሥ 29፤ ዊዳ፣ ገና

እንኳን አደረሳችሁ። ጾሜን የፈታሁት ዋጋሺ በሚባል አይብ ነው። ከብት አርቢዎቹ ፉላኒዎች የሚሠሩት፣ ዘይት ውስጥ የሚጠበስ፣ የማይቀልጥ አይብ። ከበቆሎ ገንፎ ጋር መጣልኝ። በቆሎውም ሆነ እዚህ ከሁሉ ነገር ጋር የሚበላው ካሳቫ ከአሜሪካ የመጡት በዚያው የመርከብ መስመር ነው። የመጣው አብልቶ ያሳድራል ማለት ይቻላል፣ ምን ዋጋ አለው እንጂ።

ዊዳ ሞቅ ብላለች። ጥር 2 የቮዱን በዓል ነው፣ ብሔራዊ በዓላቸው። አልጋ ያገኘሁት በመከራ ነው። ከተማዋ ዝቅ ያለች፣ አሸዋማ፣ ደስ የምትል ናት። ትልቁ ቤተ ክርስቲያንና የዘንዶዎቹ መቅደስ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ከዚህች ትንሽ ከተማ ዳርቻ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ተጭኗል። በመላው አፍሪካ ከሷ በላይ የጫነች ሉዋንዳ ብቻ ናት።

ፖርቱጋሎች በ1721 የሠሩት ምሽግ አሁንም አለ። ዳሆሜ፣ ማለትም የዛሬዋ ቤኒን፣ ነፃ ከወጣች በኋላ እንኳ እስከ 1961 ድረስ ያቺ ግቢ የፖርቱጋል ግዛት ነበረች። ልቀቁ ሲባሉ ለቀው ሲወጡ እሳት ለቀቁባት። እዚህ ላይ አስተያየት የለኝም።

ከሰዓት አንድ ወጣት አስጎብኚ ወደ ቻቻ አደባባይ ወሰደኝ። ፍራንሲስኮ ፌሊክስ ደ ሱዛ ብራዚል የተወለደ ነጋዴ ነው። አዳንዶዛን አስሮት እንደነበርና ጥቁር ይሁን ብሎ ቀለም ማቅለሚያ ጋን ውስጥ እንዳስነከረው ይተረካል። ሰውየው ጌዞን ለማንገሥ ረዳ፣ ጌዞም ቻቻ የሚል ማዕረግ ሰጥቶ የዊዳ ንግድ ላይ ሾመው። በ1849 ሞተ። ልጆቹ ብዙ ናቸው። ማዕረጉ ዛሬም በቤተሰቡ ውስጥ ይወረሳል፣ ዘሮቹም የተከበሩ ሰዎች ናቸው። በዚያው ሰፈር ደግሞ ከብራዚል ነፃ ወጥተው የተመለሱ ሰዎች ዘር ይኖራል፣ በተለይ እዚያው ባሂያ ውስጥ በ1835 ከተነሣው የባሪያዎች ዓመፅ በኋላ የመጡት። እነሱም ዳ ሲልቫ፣ ዳልሜዳ የሚል ስም ይዘው መጡ። ስለዚህ በስም የሻጭና የተሸጠ ልጅ አይለይም። ከተመላሾቹ መሐል ራሳቸው ንግዱ ውስጥ የገቡም ነበሩ።

"አንተስ?" አለኝ ልጁ፣ "የናንተ ሰዎች ሸጡ ወይስ ተሸጡ?"

"እኛ ቅኝ አልተገዛንም" አልኩት።

የጠየቀኝ እሱን እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። በአገራችን ባርነት በሕግ የተከለከለው በ1942 ነው። አያቴ ያኔ ልጅ ነበረች።

ማታ እማዬ ለገና ደወለች። ሽማግሌዎቹ ነገሩን አዘግይተውታል አለች። "ምን ሆነ?" አልኳት። "ምንም፤ የልጅቷ አጥንት እየተጣራ ነው።"

ታኅሣሥ 30፤ ወደ በሩ

ከአደባባዩ እስከ ባሕሩ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከመስቀል አደባባይ ቦሌ ድልድይ ቢሆን ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከአስጎብኚው ጋር በእግሬ ተነሣሁ። መንገዱ ቀይ አሸዋ ነው፣ ግራና ቀኝ ሐውልት፣ በቆሎና የእግር ኳስ ሜዳ። ሞተሮች ጡሩንባ እየነፉ ያልፋሉ።

"የመርሳት ዛፍ" የነበረበት ቦታ ላይ ቆምን። ወንዱ ዘጠኝ ጊዜ፣ ሴቷ ሰባት ጊዜ ይዞሩት ነበር ይባላል፣ ስማቸውንና አገራቸውን እንዲረሱ። ታሪኩ የድሮ ማስረጃ የለውም ብለው የሚከራከሩ የታሪክ ባለሙያዎች አሉ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ልጁ እንደነገረኝ የሚዞሩበት ምክንያት መንፈሳቸው ተመልሶ ሻጩን እንዳይረግም ነው። መርሳት የፈለገው ተሻጩ አልነበረም።

ዞንግቦጂ መንደር ላይ ዞማይ የሚባለው መጋዘን ነበር፣ "መብራት የማይገባበት"። መርከብ እስኪመጣ እዚያ ጨለማ ውስጥ ያስቀምጧቸዋል። የሞቱት የተቀበሩበት የጅምላ መቃብር ላይ መታሰቢያ አለ። እዚያ ብዙ አልቆየሁም።

ከዚያ ረግረጉን ተሻግሮ ባሕሩ ነው። ወደብ የለም። ማዕበሉ ኃይለኛ ስለሆነ መርከቦቹ ርቀው ይቆማሉ፣ ከወርቅ ዳርቻ የመጡ ጀልበኞች ሰዎቹን በማዕበሉ መሐል ያሻግራሉ። "የማይመለሱበት በር" የቆመው በ1995 ነው። ትልቅ ቅስት ነው። ላዩ ላይ በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች በሁለት ረድፍ ወደ ባሕሩ ይሄዳሉ።

ከዚህ አካባቢ ከወጡት የመጨረሻዎቹ መርከቦች አንዷ ክሎቲልዳ ናት፣ በ1860፣ 110 ሰው ጭና። አሜሪካ ሰው ማስገባት ከከለከለች ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። አላባማ በሌሊት አራገፈቻቸው፣ ከዚያ መርከቧን አቃጠሏት። ስብርባሪዋ የታወቀው በ2019 ነው። ከመሐላቸው ኮሶላ የሚባል ወጣት ነበር፣ መንደሩን የዳሆሜ ጦር ሌሊት ደርሶ ያጠፋበት። ነፃ ሲወጡ ወደ አገራቸው መመለሻ ገንዘብ አጡና አፍሪካታውን የምትባል መንደር መሠረቱ። እሱ እስከ 1935 ኖረ።

በሩ ሥር አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ጫማዋን አውልቃ ቆማለች። ቤኒን በ2024 ባወጣችው ሕግ የተሸጡት ሰዎች ዘሮች ዜግነት መጠየቅ ይችላሉ። ከዚያ በፊትም በ1999 ፕሬዚዳንት ኬሬኩ ባልቲሞር ሄደው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተንበርክከው ይቅርታ ጠይቀዋል። ሴትዮዋ አስጎብኚዬን "አንተ ከማን ወገን ነህ?" አለችው። ልጁ ባሕሩን አየ፣ እኔን አየ። "ዊዳ ነው የተወለድኩት" አላት።

አሸዋው ላይ ተቀምጬ እማዬ ጋ ደወልኩ። ስለ በሩ ነገርኳት፣ ስለ ዛፉ ነገርኳት። "ውይ ልጆቼን" አለች። ከዚያ ስለ ልጅቷ ጠየቅኳት።

"ገና ነው፤ ሰው ሄዷል አገሯ ድረስ" አለች።

"እማዬ፣ የኛንስ የሚያጣራ አለ?"

"የኛ ምኑ ይጣራል!"

"አያቴ ቤት እንጨት የሚፈልጠው፣ ስሙን የማንጠራው ሰውዬ የማን ልጅ ነበር?"

ዝም አለች። ማዕበሉ ሁለት ጊዜ መጥቶ ተመለሰ።

"መስመሩ ጥሩ አይደለም መሰለኝ፣ አይሰማኝም" አለች።

እኔ ግን ጥርት አድርጌ እሰማት ነበር። የጎረቤታችን ዶሮ ሲጮህ ሳይቀር።